በግርዶሹ ቀን የሰማሁት ድምፅሽ

ውድ ልጄ፣

ኋላ ወኔዬ እንዳይከዳኝ፣ ከሰላምታዬ በፊት ጥፋቴን ልናገር። የረፋድ ፕሮግራምሽን በሬዲዮ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰማሁሽ፣ አኮራሽኝ እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺም እንደዚያው።

አሁን እንዴት ሰነበትሽ የኔ እናት? ጤናሽስ? እኔ ጉልበቴ ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ፤ ፀጉር ቤቷም ደንበኛ አላጣችም።

ጣቢያችሁ እዚህ የሚሰማው ሲመሽ ነው። ሲመሽ ደግሞ አንቺ ቤትሽ ገብተሻል፤ ያለው ያ ጉሮሮውን የሚጠራርገው ዜና አንባቢ ነው። ቀን ቀን ሬዲዮዬን ባዞረው ባገላብጠው ሿሿታ ብቻ ነው የሚያሰማኝ። አልሰማሁሽም ለማለት አፈርኩ። ስለዚህ ወደ እናንተ ከተማ የሚመላለሰውን የአውቶቡስ ሹፌር ፂሙን እየላጨሁ ልጄ ምን አለች እለዋለሁ፤ የነገረኝን አሳምሬ እጽፍልሻለሁ።

ያልጻፍኩልሽ የምትጠብቂውን ነው። አብሮሽ የሚሠራውን ቴክኒሺያን ላግባው ወይ ብለሽ ደጋግመሽ ስትጠይቂኝ፣ እኔ ስለ ዝናብ መለስኩልሽ። ልጁን ጠልቼው አይደለም፤ ካገባሽው እዚያው ትቀሪያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

እንግዲህ የግርዶሹ ቀን ሹፌሩ ወንበሬ ላይ ነው። ግማሽ ፊቱን ላጭቼ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ብርሃኑ መደብዘዝ ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። እኔም ምላጩን አስቀመጥኩ፤ በድንግዝግዝ ሰው አይላጭም። ሹፌሩ፣ አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይዋ ሳትጠፋ ጨርሰኝ እንጂ፣ ግማሽ ሽማግሌ ግማሽ ጎረምሳ አድርገህ ልታስቀረኝ ነው ወይ እያለ ይነዘንዘኛል። ይሄኔ ያ ከጠዋት ጀምሮ ሲንሿሿ የነበረው ሬዲዮ ጥርት አለ። አንቺ ነሽ! እናትሽን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰማሁ መሰለኝ።

ፀሐይ ስትሸፈን ሰማዩ እንደ ሌሊት ስለሚሆን፣ ቀን ቀን የሚዋጠው የሬዲዮ ሞገድ ከላይ ተመልሶ ሩቅ ይደርሳል፤ ይህን አስቦ ለአባትሽ ተናገሪ ያለኝ ቴክኒሺያናችን ነው አልሽ። ቀጥለሽም፣ አባዬ፣ ታምሜ ተኝቼ በዋልኩበት ቀን እንኳ ድምፅሽ ማር ነበር ብለህ ጽፈህልኛል፣ ዛሬ ግን የእውነትህን ስማኝ ብለሽ ሳቅሽ።

ዞሬ ሹፌሩን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ የአውቶቡሱ ሬዲዮ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፣ ደስ እንዲልህ ከራሴ እየፈጠርኩ ነው የማወራህ አለኝ። ሁለት ውሸታሞች ስንስቅ የፊቱ አረፋ ሸሚዜ ላይ ተረጨ።

አባዬ፣ መልስህን... ስትዪ ግን ሳቄን ትቼ ተጠጋሁ። ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጠፍኩ። ብርሃኑ በመስኮቱ ተመለሰ፣ አንቺም ሿሿታው ውስጥ ሰጠምሽ።

ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ልጅ ሳስብ ዋልኩ። እኔ እንዳላጣሽ ብዬ መልስ ነፈግኩሽ፤ እሱ ድምፅሽን እኔ ድረስ አመጣልኝ።

የጀመርሽው ይቃናልሽ፣ የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ፣ ያን ሳቅሽን አምላክ ይጠብቅልሽ። ማታ ማታ ስጸልይ አንቺን በስምሽ ጠርቼ እሱን ሆን ብዬ እዘለው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ተንበርክኬ፣ ካንቺ አስከትዬ፣ ልጄ ብዬ ጠራሁት።

አባታችሁ