አንሶላ ስንወጥር የተማርኩት ቃል

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? ብርድ ሲገባ ይጠዘጥዘኛል ይሉ ነበር፤ ዘንድሮስ ራራልዎ? እማዬስ ደህና ናት? ታናሽ እህቴስ ትምህርቷን ይዛለች ወይስ አሁንም መስታወት ፊት ነው የምትውለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አሁን ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

«አሁን» ያልኩት እንዲያው አይደለም። አይቆጡኝና፣ ሁለት ወር ሙሉ ታምሜ ነበር። ሆድዎ እንዳይባባ ብዬ ነው የደበቅሁት። እንደሚያውቁት የምሠራው የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ቤት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከማድረቂያው ልብስ ላወጣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ወለሉ እንደ ወፍጮ ዞረብኝ። የምይዘው ባጣ አየር ጨብጬ ወደቅሁ። ሐኪሙ መርምሮ ችግሩ ጆሮሽ ውስጥ ነው አለኝ። ሰውን ቀጥ አድርጎ በማቆም ጆሮም ድርሻ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? እኔ የእግር ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ መልመጃ የምታሠራ ሴት ዘንድ ላኩኝ። ስፖንጅ ላይ በአንድ እግሬ ታቆመኝና ዓይንሽን ጨፍኚ ትለኛለች። እኔ እንደ ሰካራም ስንገዳገድ እሷ አንዲት ቃል ትደጋግማለች፤ ኢኩሊብሪየም። በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። ሚዛን ልላት ስል የገበያው ሚዛን ዓይኔ ላይ መጣ። በመጨረሻ ምን እንዳልኳት ይገምቱ፤ ውሃ ልክ!

ያን ዕለት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከእርስዎ ጋር ነበርኩ። ያንን ቢጫ ውሃ ልክ ግንቡ ላይ ያጋድሙና፣ ነይ እስቲ፣ አረፋዋ የት ቆመች ይሉኝ ነበር። በሁለቱ መስመሮች መሃል ስትረጋ ከሁለታችን ማን ይበልጥ ደስ ይለው እንደነበር እንጃ። እማዬ ደግሞ አልጋውን፣ መደርደሪያውን ሁሉ ሲለኩ እያየች፣ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም ለክቶ ጠማማ ነሽ ሊለኝ ነው እያለች ታስቀን ነበር። ወንድሜ ከጎንዎ ሆኖ ድንጋይ ሲያቀብል፣ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ስትግባቡ፣ የእርጥቡ ሲሚንቶ ሽታ... አባባ፣ ያ ጊዜ እንዴት ይናፍቀኛል መሰልዎ።

ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንሶላ አብራኝ የምታጥፍ፣ በአገሯ የሳይንስ አስተማሪ የነበረች ሴት አለች፤ መምህርቷ እንላታለን። እሷን ጠየቅኋት። ቃሉ ብዙ ቦታ ይገባል አለችኝ። ገዢና ሻጭ ተስማምተው ዋጋ ሲረጋም እሱ ነው፤ በተከደነ ድስት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎትና ተመልሶ ውሃ የሚሆነው እኩል ሲሆንም እሱ ነው። ከዚያ የያዝነውን አንሶላ ሳቢ አለችኝ። ሳብኩ፤ እሷም ሳበች። ይኸውልሽ አለች፣ ይህም እሱ ነው፤ እኩል ስለጎተትን ወዴትም አልሄደም፤ ግን አረፈ ማለት አይደለም፣ ብንገፋበት መሃሉ ይቀደዳል።

አባባ፣ እጄ ላላ፤ አንሶላውም ወደቀ። እማዬ ትዝ አለችኝ።

ወንድሜ ያንን ግንብ በቱንቢ ሳያይ ቸኩሎ ሠርቶ ከተደረመሰበት፣ እርስዎም በሠራተኛው ፊት ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም ካሉት አራት ዓመት ሆነ። እሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጩኸት ስለሌለ ነገሩ የበረደ መስሎኝ ነበር። ለእርስዎም ለእሱም ለየብቻ እየጻፍኩ፣ ለማንም አላዳላሁም ብዬ በራሴ እኮራ ነበር። በቀደም እማዬን በስልክ ስለ ሁለታችሁ ስጠይቃት፣ እነሱ ምን ይሆናሉ፣ መሃል ቤት ያለቅሁት እኔ ነኝ አለችኝ። እኔ ጅሏ ሳቅሁ።

እሑድ ለወንድሜ ደወልኩለት። ስለ ሕመሜ ስነግረው አለቀሰ። ከዚያ፣ አባባ በዚያ ጉልበቱ አሁንም መሰላል ይወጣል ወይ አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልካድኩም፤ ግን ያቺ «ልጄ አይደለህም» ያለኝ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀርታለች አለኝ። ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው እሑድ እናንተ ዘንድ ሊመጣ ነው። አባባ ፊቱን ካዞረብኝ ግን ሁለተኛ ለመምጣት አቅም የለኝም ብሏል። ልጅ አባቱን አይመክርም፤ እኔም ልምከርዎ አልልም። ብቻ ያን እሑድ ከቤት እንዳይወጡ እለምንዎታለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታናሽ እህቴን ጫማሽ ተገዝቷል ይበሉልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውን፣ ቀሚሴ እዚህም ተመሰገነ ይበሉልኝ፤ እንዳይኮራ ግን ቀስ ብለው። ለታላቅ ወንድሜ ዘንድሮ ለብቻው አልጻፍኩለትም። ሰላምታዬን እርስዎ በአፍዎ ያድርሱልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን