ጎብዬ ላይ በዱላ የመታሁት ጀልባ

ከድጃዬ፣

ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። አሁንም በሬ ጠምጄ አርሳለሁ። ቆቦ በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ልጆቹ ባጃጅ ሲያስቆሙልኝ «ለሽማግሌ ስጡት» እላቸዋለሁ። ያቃተኝ መርፌ ላይ ክር መሰካት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥፋቱ የዓይኔ ሳይሆን የዘንድሮ መርፌ ነው። አንቺ ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት አለፈ። አሰብ ወደብ ተሸካሚ ሳለሁ በማታ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ለዚህ ትሆነኛለች ብዬ አላሰብኩም። ብትጣመምብኝም አትፍረጂ፤ የእኔን ጠማማ ነገር ማቃናት ድሮም ያንቺ ሥራ ነበር።

የጎሊና ወንዝ የወሰደሽ ቀን እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ተራራው ላይ ነው። ከገበያ ስትመለሺ የወንዙን ደረቅ አሸዋ እኩሌታውን እንደተሻገርሽ ነው ጎርፉ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ የደረሰብሽ። እኔ ድምፁን ከማሳ ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ አንቺ የለሽም፤ ውሃው ብቻ እንደ ኮርማ ያጓራል። ገብቼ በዱላ ደበደብኩት። ሰው ሲያወራው እብደት ይመስለዋል፤ ወላሂ እብደት አልነበረም፣ ጠላቴን ፊት ለፊት አግኝቼው ነበር። ዱላው ተሰብሮ እስኪወሰድ መታሁት። ወገቤን በገመድ ጠፍረው አወጡኝ፣ ካወጡኝም አንዱን በቡጢ ዘረርኩት። አንቺን ከታች ግራሩ ሥር ደለል ለብሰሽ አገኘንሽ። በነጠላሽ ጫፍ የቋጠርሽው ስኳር ቀልጦ ቋጠሮው ብቻ ቀርቶ ነበር።

አሁን ያ ውሃ ታስሯል። ከሰፈራችን በታች ለመስኖ ብለው ገድበውት ሜዳው ላይ ሰፊ ኩሬ ሆኖ ተኝቷል። ዓሣ ጨመሩበት፣ ረባ፤ ቆሮሶም አምባዛም አለው። የራያ ሰው ዓሣ በላ ብልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ ጾም ሲገባ ክርስቲያኑ እየተሻማ ይገዛል፣ እኛም ለምደነዋል፣ እሾሁን ግን እስካሁን እረግመዋለሁ።

ትንሹ ልጅሽ የሱፍ ከሳውዲ ባዶ እጁን ተመለሰ። ታላቁ አሊ ያችን መሬታችንን ያርሳል፤ ለሁለት አትበቃም። የሱፍ የመኪና ጎማ ላስቲክ ነፍቶ፣ በላዩ እንጨት ጠፍሮ ኩሬው ላይ ይወጣ ጀመር። ከለከልኩት። መረቡን በማጭድ ቆራረጥኩበት፤ ሰፍቶ ወጣ። አንድ ቀን ከተራራው የሚወርደው ንፋስ ከነእንጨቱ ገለበጠው። አሊ ዋኝቶ ደርሶ ፀጉሩን ይዞ ጎተተው። ዳር ላይ ተደፍቶ ውሃ ሲያስመልሰው፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ በጥፊ አጮልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ግደለኝ አባ፣ ከፈለግክ። መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፤ ያለኝ ይኼ ውሃ ብቻ ነው» አለኝ። ዓይኑ ያንቺ ነው። ሲናደድ አፉም ያንቺው።

እናትን የበላ ውሃ ልጅንም ሊደግም አፉን ከፍቶ እያየሁ ምን ላድርግ? ከውሃው ማስቀረት ካቃተኝ የማይገድለውን ጀልባ ልፈልግለት ቆረጥኩ። ጥቁሩን በሬ ሸጥኩት። አትቆጪ። አሁን በቀረው በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቼ ነው የማርሰው።

ጎብዬ ላይ አያሌው የሚባል ነጋዴ ከሐይቅ በአይሱዙ ያመጣቸው ሁለት ጀልባዎች አሉት ተባለና ሦስታችንም ሄድን። ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተደፍተዋል። አንዱ አሉሚኒየም ነው፤ ጎኑ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ፣ የልጅ መጫወቻ እንደሆነ ድስት የተወቃቀጠ። ሌላው ፋይበር ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ግን አረንጓዴ ቀለም እንደ አዲስ ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል።

የሱፍ ፋይበሩን ወደደ። «ሰፊ ነው አባ፣ አይዋዥቅም፤ ዓሣም አያስበረግግም። ያኛው እኮ መቅዘፊያ በነካው ቁጥር ከበሮ ነው» አለ። አሊ ደግሞ፣ «ከበሮም ቢሆን ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ንፋስ ሲነሳ ጎትተህ ታወጣዋለህ። ያንን ሬሳ ማን ይጎትትልሃል?» አለው። ተጨቃጨቁ። የአያሌው ታናሽ ወንድም ሞገስ፣ ቀጭን ረጅም ጎረምሳ፣ ሽመሉን ተደግፎ ቆሞ ይስቅብናል። «አያ ሰይድ፣ ጥርሱንስ ፈልቅቀህ አታየውም?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ።

ታውቂኛለሽ፣ ዕቃ በሰው አፍ አልገዛም። በሬ እንደማይ አየኋቸው። ዞርኳቸው፣ ሆዳቸው ሥር እጄን ሰደድኩ፣ ጀርባቸውን ተጫንኩ። ፋይበር በውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ሲጠጣ ድምፁ እንደሚሞት አሰብ እያለሁ ባሕረኞች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በዱላዬ ጫፍ ኳ ኳ አደረግኩ። አሉሚኒየሙ ጮኸብኝ። ፋይበሩ ደህና እየመለሰልኝ ሄዶ ከኋላው ጥግ ስደርስ ድምፁ ጠፋ፤ የረጠበ የዱቄት ጆንያ የመታሁ መሰለኝ። ጠንከር አድርጌ ደገምኩት። ዱላዬ ቀለሙን በስቶ ገባ። ስስበው የበሰበሰ እንጨትና ጥቁር ውሃ ተከትሎት ወጣ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር የሰው በሬ ባለቤቱ ፊት በዱላ ከመታሽ ባለቤቱን መታሽ ማለት ነው። ስንት ገበያ በዚህ ሰበብ ደም ፈሶበታል። እኔ ይህን ሳላውቅ አልቀረሁም፤ ግን ጀልባ ምን ክብር አለው ብዬ ነው የመታሁት። እንደ በሬ እየመረመርኩት በሬ መሆኑን ረሳሁት። ለሞገስ በሬው ነበር።

«በገዛ ግቢያችን መታን!» ብሎ ሽመሉን አነሳ። የሰነዘረው ለእኔ ራስ ነው። የሱፍ ክንዱን አስቀደመ፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ ሲሰበር ሰማሁት። ያ ዝምተኛው አሊ፣ አንቺ «በግ ነው» የምትይው፣ ከጀልባው ሥር መቅዘፊያ መዝዞ የሞገስን ራስ ከፈለው። ደሙ አረንጓዴው ቀለም ላይ ተረጨ። ሞገስ ወድቆ እግሩ ይንፈራገጣል። አያሌው ከቤት ገጀራ ይዞ ወጣ። የሱፍ በደህናው እጁ ድንጋይ አነሳ። እኔም ዱላዬን አነሳሁ። አልዋሽሽም ከድጃ፣ ደስ አለኝ። ጉልበቴ ሁሉ ተመለሰ። ጎሊናን መግደል አልቻልኩም፤ ሰው ግን ይሞታል። ያንን ነበር የማስበው።

የእነ አያሌው እናት ከየት እንደወጣች አላየኋትም። የእኔ እኩያ ናት፣ ፀጉሯ ጥጥ መስሏል። ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ በእኔና በልጇ መካከል መሬት ላይ ጣለችው። ጫፉ የሞገስ ደም ላይ አረፈ። «ወንድ የሆነ ይርገጠው!» አለች። አያሌው ገጀራውን እንዳነሳ ደረቀ። እኔም ደረቅሁ። የእናት ነጠላ የረገጠ ዘሩ አይባረክም።

አንቺ ትዝ አልሽኝ። እኔና ወንድሜ በውሃ ተራ ጎራዴ የተማዘዝን ዕለት አዲሱን የኢድ ነጠላሽን ጭቃው ላይ ወርውረሽው ነበር። ያኔ ከጠቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ነጠላው ነው፤ አንስቼ አራግፌ ትከሻሽ ላይ ጣል ሳደርግልሽ፣ «ጭቃውን አንተ ነህ የምታጥበው» አልሽኝ። አጠብኩት እንጂ! ወንድሜ ዳር ቆሞ ሲስቅብኝ ታረቅን። የሴትየዋንም ነጠላ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። መጀመሪያ ያነሳ ተሸነፈ ይባላል። ይባል።

ሞገስ ሐኪም ቤት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ከሞተ ደም ነው፤ ደም ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ርስት ነው። አሊን ማሽላው ውስጥ ደበቅኩት። የየሱፍን ክንድ ወጌሻ አሰረለት፤ ሲጎትቱት ጨርቅ ነከሰ። እኔ ደጃፍ ላይ ዱላ ይዤ ተቀመጥኩ። በመንገዱ ያለፈ ሞተር ሁሉ መርዶ ይመስለኝ ነበር። ለልጄ የማይገድል ጀልባ ላመጣ ወጥቼ ገዳይ ይዤለት ገባሁ። ሞገስ ቢሞት የየሱፍን ነፍስ የሚፈልገው ውሃው ብቻ አይሆንም።

በኋላ ሞገስ ነቃ። ዓይኑን እንደገለጠ መጀመሪያ የጠየቀው «ጀልባው ተሸጠ ወይ?» ነው አሉ። ስሰማ ሳቅኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። አልሐምዱሊላህ።

ደም አድራቂዎቹ ሽማግሎች፣ ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን፣ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ቀለም ቀብቶ በሽታ ሸሽጓል ብለው አያሌውን ወቀሱት፤ በሰው ግቢ ዱላ አንስተሃል ብለው እኔን ወቀሱኝ። የሰበርከውን ጀልባ ውሰደው፣ ለፈሰሰው ደም ካስ ተባልኩ። ካሳውን ልጆችህ ይካፈሉህ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። «ዱላው የእኔ ነው» አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ፣ «አያ ሰይድ፣ ዕድሜህ እኮ...» ብሎ ጀመረ። «ዕድሜዬን ካንተ አልተበደርኩም» አልኩት። አሊ መሬት መሬት አየ። በሞገስና በአሊ መካከል ዱዓ ተደረገ፣ ቄሱም አሳረጉ፣ ተሳሳሙ። ግን ካሳው እስኪያልቅ ዕርቁ ሙሉ አይባልም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ጀልባውን ትጠይቂኝ ይሆናል። ለልጅሽ አሉሚኒየሙን ገዛሁለት። የተመታው ሁሉ ከላዩ ይታያል፣ ከውስጥ መትተሽ ታቀኚዋለሽ። የሚያምረው በስብሶ ይጠብቅሻል። የሱፍ አኩርፎኛል፣ ያኩርፍ፤ ያኮረፈ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው። መጀመሪያ የወጣን ቀን እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ አሊ ቀዘፈ። ኩሬው መሐል ስንደርስ ያ ንፋስ ወረደ። ውሃው የጀልባውን ጎን በቡጢ ይደበድበው ጀመር፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ጠርዙን ይዤ፣ «ምታ! አንተው ምታ!» እያልኩ ውሃው ላይ ጮህኩበት። ሰርስሮ አልገባም። ዳር ደርሰን ለሁለት ጎትተን አወጣነው። ፋይበሩ ደግሞ ጓሮ ተገልብጦ ዶሮዎችሽ ይተኙበታል።

አልረሳሽም፣ ይህን መጻፍም አያስፈልገኝም ነበር። በየሐሙሱ መቃብርሽ ላይ ፋቲሓ አደርስልሻለሁ፣ እግሬ እስካለ። አሁን ልምጣ ብልም አትቀበይኝ፤ ልጆቼ ላይ የማልጥለው ዕዳ አለብኝ። ለሞገስ አንድ ወይፈን አለብኝ፣ ለተፈነከተ ራሱ ጠባሳ፤ ራሴ ነድቼ ጎብዬ ድረስ አደርስለታለሁ። ለአያሌው የተሰበረው ጀልባ ዋጋ፣ ከዘንድሮው ማሽላ። ለእናታቸው አዲስ ነጠላ፣ ደሙ አልለቀቀም ብላኛለች፤ ቆቦ ሄጄ ጥለቱን በዓይኔ አይቼ እመርጣለሁ። ለአሊ አንድ በሬ፣ በሸጥኩት በጥቁሩ ፋንታ። ላንቺ መኸሩ ሲገባ ሰደቃ። ለየሱፍ አንድ ክንድ፤ ለእኔ ራስ ብሎ ያስሰበረው ነው። አጥንቱ ገጥሞ እስኪጠና፣ አሊም አጨዳ ላይ ስለሆነ፣ መቅዘፊያውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ሰይድ