ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው «የለኝም»

ውድ እትዬ ሀምዲያ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ለቀቅ አደረገዎ? የወራቤ አየር ከሶማሌ ተራ የዘይትና የነዳጅ ሽታ እንደሚሻል ለአብዱልሰላም መንገርዎን ሰማሁ። ነገሩ አልገረመኝም፤ የገረመኝ እርስዎ አንድን ነገር ያለ ክርክር «ይሻላል» ማለትዎ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። እርስዎ ግን ስልክ የሚያነሱት አሁንም ሱቅ ውስጥ ሰው እንደቆመብዎ ነው፤ ደህና ነህ፣ ሚስትህ ደህና ናት፣ በል እሺ። ምስጋናዬ ደግሞ ከ«በል እሺ» በፊት የሚያልቅ ዓይነት አልሆነም። ስለዚህ አብዱልሰላም ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ ይዞልኝ እንዲደርስ በወረቀት አደረግኩት። በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። መቼም እርስዎ ፊት ሳፍር ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

የማመሰግንዎ ለአንድ ቃል ነው። «የለኝም» ስላሉኝ።

መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል እንደማይነገር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዕቃው የሌለው ነጋዴ «አለ፣ ቁጭ በል» ብሎ በርጩማ ይስብና ከጎረቤት ሮጦ ያመጣል፤ ጎረቤቱም ከሌለው ከጎረቤቱ ጎረቤት። የገባ ሰው ባዶ እጁን ከወጣ የሱቁ ገድ አብሮት ይወጣል ትሉ የለ። እኔ መሳለሚያ ተወልጄ መሳለሚያ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቃል ከመርካቶ ነጋዴ አፍ የሰማሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ ከእርስዎ ነው። ያውም ዕቃው ከራስዎ በላይ ተሰቅሎ እያየሁት።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ግማሹን እርስዎ አላዩትም።

መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነበር። የሔለን አባት አቶ ኪዳነወልድ ልጃቸውን ይሰጡኝ እንደሆነ የሚወስኑት በዚያ መስቀል ነው። ከወልቂጤ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው ቤታቸው ድረስ መጥቼ እንዲያዩኝ ነበር ቃላቸው። ስለ እኔ የሚያውቁት በሞተር አገር ለሚዞሩ ቱሪስቶች መንገድ እየመራሁ እንደምኖር ብቻ ነው፤ ይህንንም ለዘመድ ሲያስረዱ «ሥራው ከፊት ሆኖ መጥፋት ነው» ብለዋል አሉ። ቀጥለውም «ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ፤ አማችም ያው ነው» ብለው ላኩብን። ሔለን መልእክቱን ሰምታ በአውቶቡስ እንደማንሄድ ነገረችኝ። አባቷ የፈሩት ሞተሩን ከሆነ፣ ሞተሩ እሷን ይዞ በሰላም ደጃቸው ሲቆም በዓይናቸው ይዩት። ከወደቅን ግን፣ አለችኝ፣ እኔ አባቴን ሁለተኛ አልለምናቸውም።

በማግስቱ መሳለሚያ ላይ ፍራሽ በፍራሽ ላይ የደራረበ ተሸካሚ «ጥግ ያዝ!» እያለ መጣብኝ። ጥግ ያዝኩ። ጥጉ ክዳን የሌለው ቦይ ነበር። የሞተሬ የፊት ቸርኬ ተሰነጠቀ። ሰውየው ከፍራሹ ስር አጎንብሶ አየኝና፣ ከተጎዳሁ አንዱን ሊያነጥፍልኝ እንደሚችል በትሕትና ገለጸልኝ።

ያ ሞተር፣ ቱሪስቶቹ አድቬንቸር የሚሉት፣ የሰፈር ልጆች ዝሆኑ የሚሉት፣ የፊት ጎማው ባለ ሃያ አንድ ኢንች ነው፤ ቀጭንና ረጅም። ምትክ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ዞርኩት። የገባሁበት ሁሉ «አለ፣ ቁጭ በል» ነው። ተቀመጥኩ። አንዱ የመኪና አመጣልኝ። አንዱ የግንበኛ ጋሪ ጎማ አምጥቶ «የፊት አይደል ያልከው?» አለኝ፤ የግንበኛ ጋሪ ያለው ጎማ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ከፊት መሆኑን አምኜለት ወጣሁ።

እርስዎ ሱቅ ስደርስ ከራስዎ በላይ አንድ ባለ አስራ ዘጠኝ ኢንች የፊት ጎማ ከነቸርኬው ተሰቅሏል። የትልቅ ሞተር፣ ኦሪጅናል፣ አቧራ የለበሰ። በርጩማውን ሳልጠየቅ ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ያደረግኩትን ያስታውሱታል። ንግግር አደረግኩ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሙሉ። ባለ አስራ ዘጠኝ ወፈር ያለ ጎማ ስለሚለብስ አስፋልቱን ጥሩ አድርጎ ይጨብጣል አልኩ። አጠር ስለሚል መሪው ቶሎ ይታዘዛል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ እንደ ፈረስ ዞር ይላል፤ ባለ ሃያ አንዱ ግን እንደ በሬ አስቦ ነው የሚዞረው። ዓለምን ከሚያካልሉት ትልልቅ ሞተሮች ባለ አስራ ዘጠኝ የሆኑትን እየቆጠርኩ በስማቸው ጠራሁልዎ። ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም አንድ ቃል አልመልስም። የእነዚያ ሞተሮች የመሪ አንገት ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ለአስራ ዘጠኝ ተለክቶ ነው። የእኔው የተለካው ለሃያ አንድ ነው፤ አጭር ጎማ ሲገባበት አፍንጫውን ይደፋል፣ መሪው ከልክ በላይ ይቀላል፣ ሸካራ መንገድ ላይ ድንጋይ በነካው ቁጥር እጅ ውስጥ ይቅበጠበጣል። ይህንንም አንብቤው ነበር። ገጹን ፈጠን ብዬ ገለጥኩት እንጂ።

እርስዎ ሻይዎን ጨረሱ። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱ ወዴት ነው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው። ነገርኩዎ። ቀና ብለው ጎማውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የለኝም» አሉ።

«እትዬ፣ ያ ከራስዎ በላይ ያለው...»

«እሱ? የለኝም።»

ከፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው አብዱልሰላም ቃሉን ሰምቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ያየው እኔን ሳይሆን እርስዎን ነው። «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ። ከዚያ ጎረቤቶችዎ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ፤ ሰው የወደቀ ይመስል።

በጣም ነው የከፋኝ። መርካቶ የማትሸጥለት ሰው ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል? እርስዎ ግን «የለኝም» ብለው አልተቀመጡም፤ ስልክዎን አነሱ። እኔ አኩርፌ በርጩማው ላይ ሳለሁ፣ እርስዎ ምናለሽ ተራ ካሉ ሰዎችዎ ጋር እየተጨቃጨቁ፣ በአንድ ወቅት የገጠር ጤና ሠራተኞች ይነዱት ከነበረ ቀላል ሞተር የተረፈ ባለ ሃያ አንድ ቸርኬ አስፈለጉ። ዝገቱ ብዙ፣ ውልግድግዱ ግን የማይታይ። ሲመጣ የሽቦ ቀዳዳዎቹን ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ ከእኔው ጋር ልክ ሆነ። አብዱልሰላም ከተሰበረው ጎማዬ መሃሉን አወጣና ከአዲሱ ቸርኬ ጋር ሽቦ በሽቦ ያያይዘው ጀመር።

ዓርብ ነበር። የጁምዓ ሰዓት ደረሰና አብዱልሰላም ሽቦውን እንደተንጠለጠለ ትቶ ወደ አንዋር ሄደ። እርስዎም ከጓዳ ገብተው ሊሰግዱ ሱቁን በእኔ እጅ ተዉት። ሰው ከመጣ አስቀምጠው አሉኝ። መጡ። የመጡት ሁሉ የጠየቁት ያንኑ ባለ አስራ ዘጠኝ ነው። ከስሩ ተቀምጬ ምን ልበል? የሱቁ ባለቤት የለኝም ብለዋል አልኳቸው። አንደኛው ጎማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየና ሄደ።

በመስቀል ዋዜማ ማለዳ፣ ግማሽ መርካቶ ሱቁን ቆልፎ ወደ አገሩ ሲጎርፍ እኛም ወጣን። እስከ ወልቂጤ ሞተሩ ልክ እንዳልኩት ነበር፤ በሬ። ኩርባ ከሩቅ ሳይ እለምነዋለሁ፣ ያስባል፣ ይዞራል። ንግግሬ ትክክል እንደነበር ለሔለን በየኩርባው አስረዳኋት። ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

አስፋልቱ አለቀ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጭነት መኪናዎች ጭቃው ላይ የቀደዱት ቦይ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ በየመሃሉ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ። እዚህ ያ ረጅም ጎማ ሌላ ፍጥረት ሆነ። አጭር ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ በደረቱ ይጋጨዋል፤ ረጅሙ ይወጣበትና ያልፈዋል። አጭሩ የሚገባበትን ጉድጓድ ረጅሙ ረግጦት ይሄዳል። በአስፋልት የተማረርኩበት ያ እልኸኝነቱ ደግሞ እዚህ ቀጥ አድርጎ ያዘን፤ መሪውን ላላ አድርጌ ተውኩለት፣ መንገዱን እሱ መረጠ። ሔለን ነቃች።

«ምነው ማስረዳት አቆምክ?» አለች።

አባቷ ደጅ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ስር ለውሃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ መንገዱን አቋርጦ ሳይደፈን ቀርቷል። ያየሁት ፍሬን የማይረዳበት ቦታ ከደረስኩ በኋላ ነው። ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ከእንሰቱ አጠገብ ቆሞ ያያል። አቶ ኪዳነወልድ ከዘራቸውን ተደግፈው ከሁሉም ፊት ናቸው። የሔለን ክንድ ወገቤ ላይ ጠበቀ። የፊት ጎማው ገባ። ከዚያ የቦዩን ከንፈር አገኘና ወጣ፤ ተንገዳገድን፣ ቀና አልን፣ ደጁ ላይ ቆምን። ያ ቦይ ባለ አስራ ዘጠኙን ምን ያደርገው እንደነበር በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ በስንዝር ለካሁት። ያገኘሁትን ለሔለን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አቶ ኪዳነወልድ ወደ እኔ አልመጡም። ወደ ፊት ጎማው መጡ። የተጣበቀበትን ጭቃ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ይቺስ እግሯን ታውቃለች» አሉ።

ስለ ጥሩ በቅሎ የሚሉት ነው ተባልኩ። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ክትፎው ሲቀርብ ግን ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠርጋችን ላይ መጥተው አይተውታል፤ ከአማቼ ጋር ስለ በቅሎና ስለ ሞተር ዋጋ ሲከራከሩ ነበር ያመሹት።

ከመስቀል ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ እርስዎን መጠየቅ ነበር። ጎማው እንደማይሆነኝ በደንብ አስረድተው ቢመልሱኝ አይበቃም ነበር ወይ? ያሉኝን እንዳለ ይዤዋለሁ።

«እኔ ስለ ጎማ ካንተ በላይ አላውቅም። አንተን ግን ሁለት ሻይ ሙሉ ሰማሁህ። ክርክር ብገጥምህ ታሸንፈኛለህ። ከተሸነፍኩ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፣ እሸጥልሃለሁ።»

ከዚያ አንድ ጥቅል የሞተር ቀበቶ ወደ መደርደሪያው እየመለሱ፣ ልጅቱ በሰላም ገባች ወይ አሉኝ።

እትዬ፣ ያን ዕለት አመሰግናለሁ አላልኩም። «ይሁን እስቲ» ነው ያልኩት። መሳለሚያ ያደገ ሰው ምስጋናንም እንደ ዕቃ ዋጋ ከዝቅተኛው ነው የሚጀምረው። እርስዎ ግን ገድ ይሰብራል ብለው የሚፈሩትን ቃል፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ለማያውቋት ልጅ ሲሉ አወጡት። ሱቅዎ ከዚያ ወዲያ ሰው እንዳላጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ግን ይህን አላወቁም ነበር። እኔ የማመሰግነው ያንን አለማወቅዎን ነው።

በሠርጋችን ሳምንት አንድ ተሸካሚ በራችንን አንኳኳ። ትከሻው ላይ ያ ባለ አስራ ዘጠኝ ነው፤ አቧራው ተጠርጎ፣ በነጭ ሪባን ታስሮ። የላኩት ሴትዮ ምን አሉ አልኩት።

«‹ተገኝቷል በለው› ብለዋል» አለኝ።

ሞተሩ ላይ አልገጠምኩትም። ሳሎናችን ውስጥ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ሰቀልነው፤ ከሁለቱ ጎማው ይበልጥ ይታያል። በቀደም ኪያ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ መጣ። ሞተሩ እንደ እኔው ባለ ሃያ አንድ ነው፣ እጮኛውን ይዞ ወደ ባሌ ሊሄድ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ከሸጥንለት ደግሞ ደስ ይለዋል። ያንኑ ንግግሬን ከእኔ አሳምሮ አደረገው፤ ፈረሱ እንኳ አልቀረውም። እውነትህን ነው ልለው አፌን ስከፍት ሔለን ከወጥ ቤት «የለንም» አለች። ኪያ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁ።

«የለንም» አልኩት።

ሱቅዎ የነበረበት ረድፍ አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ሕንፃ ይወጣበታል ይላሉ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ እግሬ ቆመ። አንድ ደላላ ምን ልትገዛ ነው ብሎ ተጠጋኝ። እትዬ ሀምዲያን ነው የምፈልገው አልኩት። «አሉ፣ ቁጭ በል» ብሎ በርጩማ ሳበልኝ። እውነት እንዳልሆነ እያወቅኩ ትንሽ ቁጭ ብዬ ሄድኩ።

በመጪው መስቀል ወደ አማቼ ስንሄድ መንገዱን በወራቤ በኩል እናጣምመዋለን። ሔለን ከኋላ፣ ሃያ አንዱ ከፊት። እንግዳ መጣ ተብሎ ሽር ጉድ እንዳይሉ ነው የማስጠነቅቅዎ። መቼም አውቅዎታለሁ፤ ሞተሩን ከሩቅ ሲሰሙ ሰው ልከው «የሉም በሏቸው» ማለትዎ አይቀርም። ይበሉ። እኛ «የለም» ሲሉን ቀና ብሎ ማየት ካስተማሩን ቆይተዋል።

ለዚያች አንድ ቃል ሁልጊዜም ባለውለታዎ የሆነው፣

ይገረም፣ የመሳለሚያው