ቁልፍ ያለው ክፍል

ደሴ፣ ሆጤ
ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምትናፍቂኝ ለእታለም፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? እጅሽስ ሻረልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ጉልበቷን የያዘው የደሴ ብርድ ነው ትላለች፤ ብርዱ ደግሞ እንደምታውቂው የትም አይሄድ።

መጀመሪያ ያፈርሁበትን ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። እማዬ እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። አንች ግን ሙሉውን ስሚና ሳቂ፤ ሳቅሽን ከሰማሁ ቆየሁ።

ፒያሳ ጋሼ ፈንታሁን ዘንድ ታይፕ እየተማርሁ እንደሆነ ጽፌልሽ ነበር፤ ደርሶሽ እንደሆነ እንጃ። ሦስት የጽሕፈት መኪና ለአሥራ አምስት ተማሪ ነው። ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ይደርሰዋል። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ጋሼ ፈንታሁን የሻይ ብርጭቆውን በማንኪያ ኪል ያደርጋል። ያን ጊዜ የጀመርሽውን ቃል ባትጨርሽውም ብድግ ብለሽ ለተረኛ መልቀቅ ነው። አንድ ፊደል ልጨምር ያለችውን ልጅ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እቴጌ፣ ዙፋኑን ልቀቂ እንጂ” ይላታል። አራት ወር እንዲህ ስነሳና ስቀመጥ ከረምሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወርጄ ተፈተንሁ። ሥራው አንች ካለሽበት አገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለመቱ ቅርንጫፉ ሁለት ታይፒስት ፈልጎ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢያጣ ማስታወቂያውን እኛ ዘንድ ድረስ ለጠፈው። እኔ ከደሴ ብርድ የለበስሁትን ሹራብ እንደለበስሁ በዚያ ሙቀት ገብቼ ተቀመጥሁ። የሰጡን ስለ እርከን ሥራ የወጣ ሰርኩላር ነው። ከላይ “ኢትዮጵያ ትቅደም” ብዬ ጻፍሁ። የመጀመሪያውን መስመር ጀመርሁ። ጣቶቼ ወላሂ የኔ አልመስል አሉኝ፣ እንዴት ይሮጣሉ መሰለሽ። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ኪል አለ።

ብድግ አልሁ።

ወንበሩን ወደ ውስጥ ገፋሁ፣ “አመሰግናለሁ” አልሁ፣ ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ። ግቢው መሐል ስደርስ ፈታኟ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከኋላዬ እየሮጠች መጣች። “አንቺ ልጅ፣ አመመሽ እንዴ?” አለችኝ። “ኧረ ደህና ነኝ፣ ሰዓቴ አልቆ ነው” አልኋት። “የምን ሰዓት? አንድ መስመር እኮ ነው የጻፍሽው!” ለካ ታይፕ የራሱ ደወል አለው፤ መስመር ሊያልቅ ሲል ይጮኻል። የጋሼ ፈንታሁን መኪናዎች ደወላቸው የሞተው እኛ ሳንመዘገብ ነው፤ ማን ይንገረን? የብርጭቆውንና የማንኪያውን ነገር ስነግራት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርሁ፣ እታለም። ያችን የሥራ ወንበር ለማግኘት ስንት ዱዓ እንዳደረግሁ አላህ ያውቃል።

ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቅሁ ልንገርሽ። የረመዳን ደብዳቤሽ ሲመጣ እማዬ አስነበበችኝ። ድሮ አራት ገጽ የምትሞይው ሴት ግማሽ ገጽ ሆነሻል፤ ጽሕፈቱም የባለቤትሽ ነበር። “በዝናቡ አዳልጦኝ ወድቄ እጄን ስላመመኝ ነው” ይላል። ከዚያ በፊት በነበረውም ደብዳቤ አዳልጦሽ ነበር። በአምናው መስከረምም እንዲሁ። እማዬ፣ “እንዴት ያለ ጭቃ ነው፣ ልጄን ብቻ እየመረጠ የሚጥላት?” አለች። እኔ ያኔውኑ ልብሴን ልሸክፍ ተነሳሁ። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። “ባዶሽን ሄደሽ ከሰው ቤት ልትጠለይ ነው? ምን ልትጠቅሚያት? መጀመሪያ ሥራ ያዥ። የራስሽ የምትቆልፊው በር ይኑርሽ። ከዚያ ሂጅ፣ እኔም እመርቅሻለሁ” አለችኝ። ታይፑን የጀመርሁት በማግስቱ ነው።

እና ወይዘሮ ፀሐይነሽ እንባዋን እየጠረገች፣ የሷ የሳቅ ነው፣ “ሰው ሁሉ ከመቱ ይሸሻል፤ አንቺ ምን አጣደፈሽ?” አለችኝ። “እህቴ እዚያ ናት” አልኋት። “ጠርታሽ ነው?” “አልጠራችኝም” አልሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ማስታወቂያው መኖሪያ ይሰጣል ይላልና፣ የሚሰጡኝ ክፍል ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ጠየቅኋት። “ሌላው ደመወዝ ይጠይቀኛል፤ አንቺ ቁልፍ?” ብላ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። “ይቆለፋል” አለችኝ ቀስ ብላ። “ከውስጥም ከውጭም። ቁልፉ የሚሰጠውም ለሠራተኛዋ ነው፤ ከእሷ በቀር ለማንም አይሰጥም።” ከዚያ ክንዴን ይዛ መለሰችኝና ከመጨረሻው ወንበር አስቀመጠችኝ። “ኪል ሲል እንዳትነሺብኝ” አለችኝ። ኪል ባለ ቁጥር ከንፈሬን እየነከስሁ ጨረስሁት።

ሁለተኛ ወጥቼ አለፍሁ! ጋሼ ፈንታሁን ታሪኩን ሲሰማ ብርጭቆውን ሰውሮታል፤ አሁን ሰዓት ሲሞላ ያጨበጭባል አሉ።

የቀረው የቀበሌ መሸኛ ነበር፤ ያለ እሱ እንደማይቀጥሩ ታውቂያለሽ። ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ የማታውቀው እማዬ ጉልበቷን እየጎተተች አብራኝ ሄደች። ጓድ ሊቀመንበሩ፣ “እትዬ መርየም፣ ሴት ልጅዎን ለብቻዋ እንዲህ ሩቅ አገር ይሰዳሉ?” አላት። “አንዷን ለብቻዋ ሰድጃለሁ” አለችው። “አሁን ሁለት ይሁኑልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።” ሰውየው ማኅተሙን ፍለጋ መሳቢያውን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋና መታልን።

ጥር ሲገባ ሥራ እጀምራለሁ ኢንሻአላህ። እማዬ ሰኞ ገበያ ወጥታ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝታ መጥታለች፤ ክፍሉ ቁልፍ አለው ብላትም አልሰማ ብላኝ ከስንቄ ጋር አስራዋለች።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት እንዳይዘገይ ነው። የሰፈራችን ልጅ ጀላል ቡና ሊጭን ወደዚያ ስለሚመጣ፣ ከላክንልሽ አብሽ መሐል ከተትሁት። አብሽ እናንተ ቤት ካንች በቀር የሚነካው የለም ብዬ ነው። አንብበሽ ስትጨርሽ አታስቀምጭው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን በፖስታ በላክሁት በሌላው ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፤ ያኛው ረጅምና ጨዋ ነው።

ከእኔ ጋር ልትኖሪ ከፈለግሽ፣ ጀላል ሲመለስ የአብሹን ከረጢት ትንሽ ቡና አድርገሽበት ላኪልኝ፤ በዚያ አውቃለሁ። ቡናውን ካገኘሁት ሁለት ፍራሽ ይዤ እመጣለሁ። ባላገኘውም ሁለት ፍራሽ ይዤ እመጣለሁ። ክፍሉ ሰፊ ነው ብላኛለች ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

እማዬ ግንባሯን ሳሚልኝ ብላለች። ዱዓዋ በየሰላቱ ከአንች ጋር ነው። አላህ ከሚያዳልጥ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ። የመጀመሪያው ምሽት በሩ ሲቆለፍ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ለእማዬ እጽፍላታለሁ፤ ላንች ግን አልጽፍልሽም፣ አብረን እንሰማዋለን።

የምትወድሽ
ታናሽሽ