አባትህ አልከፍልም ያለው ቅጣት

ልጄ ዴሾን፣ ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ የሴኡልንም ብርድ ያቅልልህ። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ገና ሙቀት ነው። የእህትህ ልጅ ጥርስ አወጣች፤ የኔም ጉልበት ተሽሎታል።

አባትህን ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ጥቁር ሰው አዲስ መኪና ሲነዳ ያየ ፖሊስ አስቆመው። "የቁም ምልክቱን ጥሰህ አለፍክ። ደሞ መኪናው የማን ነው?" አለው። "የራሴ ነው ጌታዬ" ቢለውም፣ የክት ልብሱን እንደለበሰ አስፋልት ዳር አስቀምጦ መኪናውን በረበረው። ምንም ሲያጣ የቅጣት ወረቀት ሰጠው። እኔ ፈርቼ "ከፍለህ እረፍ" ብለው፣ "ቬርሊን፣ ቆሜያለሁ እኮ! ያላጠፋሁትን አልከፍልም" አለኝ።

ፍርድ ቤት ቀርቦ የፖሊሱ መኪና ካሜራ የቀረጸው ይታይልኝ አለ። ሲታይ መኪናችን ምልክቱ ጋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዳኛዋ "ታዲያ ለምን አስቆምከው?" ብላ ፖሊሱን ጠየቀችው። ቅጣቱ ተሰረዘ። ፍርድ ቤት አጅበውት የመጡት፣ ቤተ ክርስቲያን አብረውት የሚዘምሩት ሁሉ አቀፉት። መኪናው ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ግን መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። "ማሸነፉንስ አሸነፍኩ፤ ይቅርታ ያለኝ ግን የለም" አለኝ።

እባክህ ደውልለት። ስለ ክሱ አትጠይቀው፤ ዝም ብለህ አጫውተው። ስትመጣም መኪና አትከራይ፣ እኔው መጥቼ እቀበልሃለሁ። አምላክ በሰላም አምጥቶ ዓይንህን ያሳየኝ።

እናትህ