ነጋሳ ያሠራልኝ ወረቀት

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ዱባይ ላለኸው ለምወድህ ወንድሜ ለጠልሐ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጤና ጥየቃውን ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን የምሥራቹ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሥራ አገኘሁ! እዚሁ ሰፈራችን አዲስ በተከፈተው ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሰኞ እጀምራለሁ። እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቱ ሰርግ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ።

አሁን የማትወደውን ልንገርህና ተቆጣኝ። ጓደኛህ ነጋሳ አንተ ነግረኸው ያሠራልኝን የሥራ ልምድ ወረቀት አስገብቼው ነበር። «በፔንሲዮናችን ሁለት ዓመት በኦፕሬተርነት አገልግላለች» ይላል፤ ማኅተሙ ደግሞ የሚኒስትር ቢሮ ያስንቃል። ፈታኟ ወይዘሮ እጸገነት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የፔንሲዮኑ የስልክ ማዞሪያ ስንት መስመር ነበረው?» አሉኝ። አምስት ልበል? አሥር? ምላሴ እምቢ አለኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወረቀቱ ውሸት ነው። ፔንሲዮኑን በደጁም አልፌ አላውቅ» አልኳቸው።

አጠገባቸው የነበረው ሰውዬ ፋይሌን ከደነው። እኔም በቃ ብዬ ተነሳሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ እሳቸው። «ታዲያ ስለ ስልክ ምን ታውቂያለሽ?»

ያለኝን ነገርኳቸው። በግቢያችን ስልክ ያለው እኛ ቤት ብቻ እንደሆነ፣ ከጅዳም ከቤይሩትም ለጎረቤት ሲደወል ስድስት ዓመት ሙሉ እየሮጥኩ የምጠራው እኔ እንደሆንኩ።

«መርዶ ተደውሎ ያውቃል?»

«አዎ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ወርቅዬ ወንድም ድሬዳዋ ያረፉ ጊዜ።»

«ነገርሻቸው?»

«ኧረ! መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ለእድሩ ዳኛ ብቻ ነገርኩ። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌ ይዘው ሄደው አረዷቸው። እስከዚያ እናቴም አልሰማች።»

ወይዘሮ እጸገነት ወደ ሰውዬው ዞሩ። «ቁልፉን መጫን በሁለት ቀን እናስለምዳታለን። አፏን የምትጠብቅ፣ ውሸት ደግሞ የማይሆንላት ሰው ከየት ነው የምናመጣው?» አሉት። ወረቀቱን ግን መለሱልኝ፤ ደረጃው ላይ ቀዳደድኩት፣ ከዚያ ቤት ድረስ ሮጥኩ።

ወንድምዬ፣ ለእኔ ብለህ እንዳደረግኸው አውቃለሁ። ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አይደል? ሰኞ ስገባ የምደብቀው ነገር ስለሌለኝ እንዴት ቀለል እንዳለኝ ብታይ!

አንድ ነገር ቀረኝ። ስትደውል ከጀርባህ ውኃ ሲረጭ፣ ሰውም «ሰያራ! ሰያራ!» እያለ መኪና እንድታጥብ ሲጮህብህ ሁለት ዓመት ሰምቻለሁ። እማዬ ግን አንተ እንደነገርካት የሒሳብ ሠራተኛ ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም። በመኪና አጣቢው ወንድሜ ግን እኮራለሁ፤ ያስተማረኝ ላብህ ነው።

አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ለአይነ ሥጋ ያብቃን። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ በኋላ ዓርብ ስትደውል ስልኩን እማዬ ታነሳዋለች። እውነቱን ራስህ እንድትነግራት እኔ ደጅ እወጣለሁ።

እህትህ ሃያት