ኮምፒውተሩ ያመሰገነው ወንድሜ

አያንቱዬ፣

ይህን አሜሪካ ካለችው ከታከር ከተማ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። የወንድሜ ልጅ ሚካኤላ የሰውን ሥነ ልቦና የሚመረምር የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርታለች። ሕንዶች አዩርቬዳ ከሚሉት የጥንት ሕክምና ንፋስ፣ እሳትና ውሃ የሚባሉ ጠባዮችን ወስዳ፣ ቡድሃ ስለ ምኞት ካስተማረው ጋር ደባልቃቸዋለች። ፕሮግራሙ መጀመሪያ እኔን "ንፋስ ነሽ" አለኝ። ቀጥሎ አባቷን ተስፋጽዮንን አስቀመጠችው። ምን ያምርሃል? ምንም። ምን ያናድድሃል? ምንም። ምን ትመኛለህ? ምንም። ኮምፒውተሩ "ከምኞት ነፃ የወጣ፣ የተረጋጋ አእምሮ" ብሎ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠው። ልጅቷም "ዋው አባዬ፣ ፐርፌክት ነህ" አለችው።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር፣ ሳህኑን ሳይነካ ከገበታ የሚነሳ ሰው እኮ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ "ምን ሆነህ ነው?" እያለ መግቢያ መውጫ ያሳጣው ነበር። እዚህ ነጥብ ይሰጡታል።

ትዕግስቴ አለቀና "እሱን ዝጊና አንቺው ጠይቂው" አልኳት። ዘጋችው።

"አባዬ፣ እውነት ምንም አትፈልግም?"

"እናትሽን ነበር የምፈልገው" አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አቅፋው አለቀሰች።

ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዛለታለች፤ ሐሙስ ሦስታችንም እንሄዳለን። እኔ ግን ንዴቴ ገና አልበረደም።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት፣ የትንሹን የአብዱን ጉንጭ ሳሚልኝ። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ሻዩ ስኳር አንሶታል ብሎ ተቆጣኝ፤ ደስ እያለኝ ጨመርኩለት።

ውቢት